ለአበባ የተሰጠ ክፍል

አበባው ወልቂጤ ሲገባ ስም አልነበረውም። ሃፊዛ ከቡታጅራ መጥታ ከቦርሳዋ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሦስት ቁራጭ ቅርንጫፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ፣ ወርቅውሃ መጀመሪያ የመሰላት ለሆድ ቁርጠት የሚሆን የባህል መድኃኒት ነበር። ወጉን የጠበቀ ቅጠል የለውም፤ ጠፍጣፋ አንጓ በአንጓ ላይ እየተቀጠለ የሚሄድ ለምለም ነገር ነው። ሃፊዛ የበዓል ቁልቋል ይሉታል አለቻት። ቁልቋል ከሆነ እሾሁ የታለ ብትላት፣ እሾህ የለውም፣ በገና ሰሞን ነው የሚያብበው ብላ መለሰችላት፤ እሷ ሙስሊሟ የክርስቲያን በዓል ቆጥሮ የሚያብብ አበባ ማሳደጓ ለራሷም እያሳቃት።

ሁለቱ ሴቶች ኮሌጅ ሳሉ አንድ ክፍል ውስጥ የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ሃፊዛ ቡታጅራ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ልብስ ትሰፋለች፤ አበባውን ከስልክ ላይ አይታ ነው የተማረችው። ወርቅውሃ ያኔ ሥራ አልነበራትም። ባሏ ይድነቃቸው መርካቶ ሱቅ ስላለው ሰኞ ሄዶ ቅዳሜ ይመለሳል፤ እሷ ሳምንቱን ሙሉ የተጠረገ ቤት ደግማ ስትጠርግ ትውላለች። ለእንዲህ ያለች ሴት ሦስት ቁራጭ ቅርንጫፍ ትንሽ ስጦታ አይደለም።

ሥራው እንዲህ ነው። ቅርንጫፉ በቢላ አይቆረጥም፤ ከአንጓው ላይ በጣት ጠምዘዝ ተደርጎ ይነሣና ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጥላ ላይ ይቆያል። አፈሩ የተብላላ የቡና ገለባ፣ አሸዋና የከሰል ድቃቂ የገባበት፣ ውሃ የማያቁር መሆን አለበት። በእጅ እየተድቦለቦለ ብርቱካን ሲያክል ቅርንጫፉ መሐሉ ላይ ይተከላል፤ ዙሪያውን ደግሞ ርጥብ ድንጋይ ላይ የሚወጣው ለስላሳ አረንጓዴ፣ የድንጋይ ሽበት የሚሉት፣ ይለብሳል። ከላይ በቃጫ ይታሰራል። ሌላ አገር በምን እንደሚያስሩት እንጃ፤ ጉራጌ አገር ግን ደጁ እንሰት ቆሞ ሳለ ክር የሚገዛ ሰው ካለ ጤንነቱ ይመርመር። ከዚያ ኳሱ ከጣሪያ ላይ ይንጠለጠላል። ሸክላ የለ፣ ጣሳ የለ፤ አበባው በአየር ላይ ይኖራል። መጠማቱ በእጅ ተመዝኖ ይታወቃል። ከቀለለ ሳፋ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይነከርና ውሃው ተንጠፍጥፎ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ወርቅውሃ እጇ ተባረከ። ሽበቱን እስከ አገና ድረስ በሚኒባስ እየሄደች ከወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ትልጣለች፣ ቃጫውን ራሷ ታበጥራለች፣ ሦስቱ ቅርንጫፍ በሁለት ዓመት ውስጥ ሃምሳ ሆነ። ጎረቤት ግን አልማራትም። ወርቅውሃ አፈር ሰቅላ ትጠብቃለች ተባለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ያሉም ነበሩ። ይድነቃቸው ራሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጣ በኳሶቹ መሐል አንገቱን ደፍቶ እያለፈ፣ ጎመን ብትሰቅይ እኮ ቢያንስ ይበላ ነበር ይላታል። በፍቅር ነው የሚለው። እሷ ግን ስትስቅ ቆይታ ጓዳ ስትገባ ፊቷ ይለወጣል።

ታዲያ ከአዲስ አበባ አዳራሽ የምታስጌጥ አንዲት ሴት ፎቶውን አይታ ደውላ፣ ለገና ሳምንት አርባ ኳስ እፈልጋለሁ፣ ያላበበ ግን አልወስድም ስትላት፣ ወርቅውሃ ስልኩን ዘግታ ብቻዋን ቤት ውስጥ እልል አለች። የምታገኘው ብር አልነበረም ያስደሰታት። ያ ሁሉ አፍ ሊዘጋ ነው። ይድነቃቸው አርባ አበባ በአንድ ጊዜ ሲፈካ አይቶ ምን እንደሚል በዓይነ ልቦናዋ እየሳለች ስንት ቀን ኖረች።

ይህ ቁልቋል ግን ዝም ብሎ አያብብም። እንዲያብብ የሚያደርገው ጨለማ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ስድስት ሳምንት ያህል፣ ከማታ አሥራ አንድ እስከ ጠዋት አንድ ሰዓት ድፍን ጨለማ ይፈልጋል። መሐል ላይ መብራት ቦግ ከተደረገበት እንደተቀየመ ሰው ነው፣ እምቡጡን ይዞ ይቀራል። እምቡጥ ካወጣ በኋላ ደግሞ ቦታ ከተለወጠ ያራግፋል። ይህን ሁሉ ሃፊዛ በስልክ ነገረቻት። በምን ታጨልሚያለሽ ብላ ግን ወርቅውሃ አልጠየቀችም። ለመጠየቅ የሚያበቃ ነገር አልመሰላትም፤ ክፍል አላት።

ቤቱ ሦስት ክፍል ነው። ሳሎኑ፣ መኝታ ቤታቸውና ከኋላ ወደ ጓሮ የዞረችው አንዲት ትንሽ መስኮት ያላት ክፍል። ይህቺኛዋ የአባባ ክፍል ትባላለች። የይድነቃቸው አባት አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከቸሃ ለገበያም ለለቅሶም ሲመጡ የሚያድሩባት ናት፤ አልጋቸው አለ፣ ካፖርታቸው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃቸዋል። በጥቅምት አጋማሽ ወርቅውሃ አልጋውን ፈታ ጓሮ ጣሪያ ሥር አቆመችው፣ ካፖርቱን አጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው፣ ከግድግዳ ግድግዳ ሽቦ ወጥራ አርባውን ኳስ ሰቀለች። ለመስኮቱ ጠዋት የሚከፈት ማታ የሚዘጋ ጥቁር ላስቲክ አደረገችለት። አባባ እስከ ገና አይመጡም ብላ ነበር።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ኅዳር አምስት ቀን መጡ። ግራ ዓይናቸውን ገና ጎረምሳ ሳሉ አጥር ሲያጥሩ እሾህ አጥፍቶባቸዋል፤ በቀኙ ላይ ደግሞ ሞራ ወጥቶበት ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውን በድምፁ ነበር የሚለዩት። ቡታጅራ ሐኪም ቤት ሞራ የሚገፈፍበት ዘመቻ አለ ተብሎ ይድነቃቸው ከሱቁ ተነሥቶ ወሰዳቸው። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ሽማግሌው መጀመሪያ ያዩት የልጃቸውን ፊት ነው። ሸብተሃል እንዴ፣ አሉት። ይህን ይድነቃቸው ማታ ወልቂጤ ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት እየሳቀ እንባው ይወርድ ነበር።

ሐኪሙ ያዘዘው ግልጽ ነው። ለአንድ ወር ጭስና አቧራ አይንካቸው፣ እጃቸው ዓይናቸው ላይ አይድረስ፣ አያጎንብሱ፣ ከባድ አያንሱ፣ ብርሃን ስለሚያማቸው ደብዘዝ ያለ ቦታ ይተኙ፣ ጠብታው በቀን አራት ጊዜ ይግባ። ያለችው አንዲት ዓይን ስለሆነች ጥንቃቄው እጥፍ ነው። በዚህ ምክንያት ቸሃ አይመለሱም፣ ወልቂጤ ልጃቸው ቤት ይከርማሉ ተባለ። ይድነቃቸው በማግስቱ ወደ መርካቶ መመለስ ነበረበትና በር ላይ ቆሞ የአባባ ክፍልስ፣ አላት። አበቦቹ አሉ አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። እሱ በይ እንግዲህ እሳቸውን ጠይቂያቸው ብሎ ወጣ። እሱም ከነገሩ እጁን ታጠበ ማለት ነው።

ጠየቀቻቸው። ያን ማታ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፋ፣ አንሶላውን እያስተካከለች፣ ፊታቸውን ሳታይ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ክፍሉን ላስለቅቅልዎት እንዴ?»

«ተይው ልጄ። እኔ እዚህም ይበቃኛል።»

«እሺ» አለች።

በእኛ አገር የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። እንግዳ ምግብ ሲቀርብለት በልቼ ነው የመጣሁት ይላል፤ አለመብላቱን እሱም አቅራቢዋም ያውቃሉ። በሞቴ ይባላል። ኧረ በስመአብ ይላል። አፈር ስሆን ይባላል። ያኔ እጁን ይዘረጋል። የቸሃ ሽማግሌ ደግሞ ከልጁ ሚስት ነገር አይጠይቅም፤ ውሃ ቢጠማው ዛሬ ሞቃት ነው ብሎ ዝም ነው የሚለው፤ ማወቅ የእሷ ፋንታ ነው። ወርቅውሃ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። እሷ ቤት ገብቶ በቃኝ ብሎ የተረፈ እንግዳ የለም፤ ለመስቀል አንድ ሙሉ ጣባ ክትፎ በልመና የምታስጨርስ ሴት ናት። ክፍሉን ግን በአንድ ቃል አለፈችው። የሚያዋጣት ስለነበር የመጀመሪያዋን እምቢታ እንደ እውነተኛ ቆጠረቻት። ይሉኝታቸውን ተገን አደረገች፤ ሌላ ስም የለውም።

ሳሎኑ የመንገድ ዳር ነው። በዚያ ሰሞን ደጃፉ ላይ ኮብልስቶን ይነጠፍ ነበርና መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው በበሩ ሥር ይገባል። አቧራው እንኳ ይሁን፤ የባሰው ጠያቂው ነበር። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ዓይናቸው በራ ሲባል ዘመዱ ከጉብሬም ከአገናም መጣ፤ ጎረቤቱ በየተራ እግዜር ይማርዎት ሊል ገባ። ሽማግሌ ሰው በእንግዳ ፊት አይተኛም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፍራሹን ሰው ሳያይባቸው ራሳቸው አጎንብሰው ይጠቀልላሉ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይውላሉ። ሰው በገባ ቁጥር ይነሣሉ፣ ጎንበስ ብለው ይጨብጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እንደገና ይነሣሉ። ወርቅውሃ አይነሡ አባባ ትላቸዋለች። እሳቸው እንዴት ሆኖ ይላሉ። መብራቱ ሲያማቸው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ ያደርጉታል፤ ጠያቂው እንቅልፋቸው መጣ ብሎ ድምፁን ይቀንሳል እንጂ አይነሣም።

እሷ ጠብታውን አንድም ቀን አላጓደለችም። ይህ እውነት ነው፤ በኋላም ራሷን ልታጽናና በሞከረች ቁጥር የምታነሣው ይህንኑ ነው። በሰዓቱ ታጠባለች፣ በሰዓቱ ታበላለች፣ ደጃፉን ውሃ ትረጫለች። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን ቁልፏን ይዛ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ላስቲኩን ትዘጋለች፣ በሩን ቆልፋ በሥሩ ጨርቅ ትወትፋለች። ሽማግሌው ከወንበራቸው ሆነው ኮቴዋን ይሰማሉ። አንድ ቀን ምን እንደምታደርግ ጠየቋት፤ አስረዳቻቸው። አርባ ዓመት እንሰት የተከሉ ሰው ናቸውና ነገሩ ገባቸው፤ ጨለማ የሚወድ ተክል መኖሩ ብቻ ገረማቸው።

«እንግዲህ እኔና አበቦችሽ አንድ ሐኪም ነው ያዘዘልን» አሉ።

ወርቅውሃ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። ጨዋታ ነው ብላ አለፈችው። ከዚያ የበለጠ ሊጠይቋት እንደማይችሉ፣ እንደ እሳቸው ላለ ሰው ያቺ ቀልድ ልመና እንደነበረች የገባት በኋላ ነው።

እንዲያው ለነገሩ ምክንያት አላጣችም ነበር። ኳሶቹ ይንጠባጠባሉ፣ ዓይናቸው ላይ ቢያርፍስ። ማታ ለሽንት ሲወጡ በር ይከፈታል፣ ብርሃን ይገባል። አሁን ቢነቀሉ የአራት ሳምንት ልፋት ገደል ይገባል። ደግሞስ እሳቸው አልከፋቸውም። እንዲህ እያለች ለራሷ ትከራከራለች፤ ከሳሽ ሳይኖር የሚከራከር ሰው ደግሞ ጥፋቱን ያውቀዋል።

ኅዳር አሥራ ሰባት ጠዋት ላስቲኩን ስትከፍት በአንጓዎቹ ጫፍ ላይ ሩዝ የምታክል ቀይ ነጥብ አየች። አንድ ኳስ አይደለም፤ ሁሉም ጋ አለ። እየዞረች ስትቆጥር ቁርስ አረፈደች። ደስታዋን ይዛ ሳሎን ስትገባ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ካፖርታቸውን እንድትሰጣቸው ጠየቋት። ከብቶቹ ያለ ሰው ሆኑ፣ ነገ ጠዋት ወደ ቤቴ ልሂድ አሏት። ሐኪሙ አንድ ወር ነው ያለው፣ ትንሽ ይቆዩ እንጂ አለች። ደኅና ነኝ፣ አያለሁ፣ አንቺንም አደከምኩሽ አሉ። እሷም ዓይናቸውን አየችው፤ እውነትም ጥርት ብሏል። ይሻለኛል ካሉማ ብላ ለይድነቃቸው ደወለች፤ እሱም ከብቱን የሚይዝ ሰው አፈላልጋለሁ፣ እስከ ቅዳሜ ይቆዩልኝ ብሎ ነበር። አላቆየቻቸውም።

በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ ወስዳ ከሹፌሩ ጎን አስቀመጠቻቸው፤ ጠብታውን በመሐረብ ቋጥራ ኪሳቸው ከተተች። መስኮት ላይ ሆነው መረቋት። ሚኒባሱ ሲወጣ ወርቅውሃ የተሰማት እፎይታ ነበር። መናገር ካለበት ይነገር፤ ትከሻዋ ቀለላት። ወደ ቤት ስትመለስ በልቧ የምታሰላው አበቦቹ ስንት ቀን እንደሚቀራቸው ነበር።

ቸሃ ያለው ቤት ትልቅ የሣር ቤት ነው፤ እሳት መሐሉ ላይ ይነዳል፣ ከብቱ በአንድ ወገን ያድራል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አብራቸው ያለችው አንዲት የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ቀን እርሻ ስለምትውል ጠብታውን በሰዓቱ የሚጨምርላቸው አልነበረም። ራሳቸው እየጨመሩ ግማሹ ጉንጫቸው ላይ ይፈስ ነበር ብላለች በኋላ። ከሳምንት በኋላ ዓይናቸው ቀላ። ያሳክካል፣ ያሻሉ። ከዚያ ይወጋቸው ጀመር። ለማንም አልተናገሩም። ይድነቃቸው ሲደውል ደኅና ነኝ ነው መልሳቸው። ልጅቱ ፈርታ ራሷ የደወለችው ታኅሣሥ ስምንት ቀን ነው፤ ያን ዕለት ጠዋት አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከቤት ሲወጡ ደጃፉ ላይ ካለው ምሰሶ ጋር ተጋጭተው ነበር።

ይድነቃቸው ከመርካቶ፣ ወርቅውሃ ከወልቂጤ፣ ቡታጅራ ተገናኙ። ሐኪሙ ወጣት ሰው ነው፤ ቁጣውን ሊደብቅ እየሞከረ የት ነበሩ እስከ ዛሬ አላቸው። ዓይኑ ውስጥ መግል ይዟል፣ ብርሃኑ ጠፍቷል፣ አሁን የምንታገለው ቁስሉ ወደ ሌላ እንዳይሄድ ነው አለ። ይድነቃቸው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀረ። ሚስቱን ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ሃፊዛ ወሬውን ሰምታ ሾርባ ይዛ መጣች። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አላህ ያሽራቸው ብላ ስታበቃ እንዴት እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ወርቅውሃም ለማንም ያልተናገረችውን ሁሉ ነገረቻት። ክፍሉን፣ አልጋውን፣ የመጀመሪያዋን ማታ፣ እፎይታዋን ሳይቀር። ሃፊዛ ስትሰማ ቆይታ ግንባሯን ቋጠረች።

«ክፍሉን ለምን ፈለግሽው?»

«ላጨልምላቸው ነዋ።»

«ወርቅዬ፣ እኔ እኮ ያለችኝ አንዲት ክፍል ናት። እዚያው እሰፋለሁ፣ እዚያው እተኛለሁ። ማታ ማታ ካርቶን ነው የምደፋባቸው። የብስኩት ካርቶን።»

 ሃፊዛ ያለችው ለወርቅውሃ ቀስ እያለ ነው የገባት። የይድነቃቸው ሱቅ በካርቶን የተሞላ ነው። በየሳምንቱ ለቆራሌው በነጻ ይሰጣል። አርባ ካርቶን ሳሎኑ ጥግ ተደርድሮ፣ አባባ በአልጋቸው ላይ በራቸውን ዘግተው፣ ጠያቂው ተኝተዋል ተብሎ እየተመለሰ፣ አበባውም እያበበ ኅዳር ሊያልቅ ይችል ነበር። አንዱን ለማግኘት ሌላውን መጣል እንኳ አላስፈለገም ነበር። ሃፊዛ ነገሩን በመናገሯ ተጸጽታ እጇን ያዘቻት፤ አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ አለች። ወርቅውሃ ግን አልጠየቅኩሽም አለቻት። ማንንም አልጠየቅኩም።

ወልቂጤ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ኋለኛው ክፍል ሄደች። እምቡጦቹ የጣት ጫፍ አክለዋል። ላስቲኩን ከመስኮቱ ቀድዳ ጣለችው፣ አምፖሉን አብርታ በሩን ክፍቱን ተወችው። ይርገፍ አለች። አዳራሽ አስጌጧ ትበሳጭ፣ ጎረቤት ይሳቅ፣ ይርገፍ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይሄ ነው። እምቡጥ ከያዘ በኋላ ጨለማ አያስፈልገውም ነበርና ቁልቋሉ ግድ አልሰጠውም፤ አንድም አልረገፈም። ከገና በፊት ባለው ሳምንት አርባውም ፈካ። እንደዚያ ያለ ቀለም ወልቂጤ አይቶ አያውቅም፤ ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ደማቅ ሐምራዊ አበባ ወደ ታች ተዘርግፎ ክፍሉ መሬት አልባ የአትክልት ቦታ መሰለ። ያሾፉባት ሴቶች መጥተው አፋቸውን ይዘው ቆሙ። ይድነቃቸውም ሊያይ ገባ። ስንት ቀን ስትጠብቀው የኖረችው ሰዓት ነበር። ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ያምራል፣ አለ፤ ወጥቶም ጓሮ ውስጥ የቆመውን የአባቱን አልጋ አቧራውን ይጠርግ ጀመር። አዳራሽ አስጌጧ መኪና ልካ ስትወስዳቸው ወርቅውሃ አንድም አላስቀረችም።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ለጥምቀት ወልቂጤ መጡ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ቸሃ አልተመለሱም። አልጋቸው በቦታው ነው፣ ካፖርታቸው ሚስማሩ ላይ ነው። መስኮቱ ቀኑን ሙሉ ክፍት ስለሆነ ጸሐዩ እግራቸው ላይ ያርፋል። ወርቅውሃ አንድ ጠዋት ቁርስ ልትሰጣቸው ገብታ ትሪውን ሳታስቀምጥ ተንበረከከች። ክፍሉን መስጠት ነበረብኝ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አለቻቸው። እሳቸው በእጃቸው ፈልገው ራሷን አገኙት።

«አንቺ ምን አደረግሽ? አንቺማ ጠይቀሽኛል። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ልክ ልኳን ቢነግሯት፣ ቢረግሟት፣ ትችለው ነበር። ይህንን ግን አልቻለችውም፤ ምክንያቱም ከልባቸው ነው ያሉት። ጥፋቱን በእምቢታቸው አድርገውታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው እምቢ ማለት ተዉ። ጸሐይ ላይ ላውጣዎት ስትላቸው እሺ ይላሉ። ትንሽ ቆይታ ላስገባዎት ስትላቸው እሺ ይላሉ። ሻይ ሲባሉ እሺ፣ ይተኛሉ ሲባሉ እሺ። በሞቴ የሚያስብል ነገር የለም፤ ሁሉም በመጀመሪያው ቃል ያልቃል። ጠያቂዎቹ እንዴት ያሉ ገር ሰው ሆኑ ይላሉ። ወርቅውሃ ግን ያ ይሉኝታቸው፣ ያ የሚያስለምነው ኩራታቸው፣ ከዓይናቸው ጋር አብሮ መጥፋቱን ታያለች። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ኧረ በስመአብ አልፈልግም እንዲሏት ትመኛለች።

ባለፈው እሑድ ክትፎ ሠርታ በቆጮ አቀረበችላቸው። በሉ። ልጨምርልዎት አለች፤ እሺ አሉ። ጨመረች። ሲጨርሱ እንደገና ጠየቀቻቸው፣ እምቢ ይሉኛል ብላ ተስፋ አድርጋ። እሺ አሉ። በሦስተኛው ላይ ጉርሻው በጉሮሯቸው አልወርድ እያለ ሲታገሉ አየቻቸውና ትሪውን ሳብ አደረገች።

«አባባ፣ ከጠገቡ ይተዉት እንጂ።»

«እሺ» አሉና እጃቸውን ሰበሰቡ።